ጸጋና እውነት፦ ሰውን ስለ መውደድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ከየቦታው የተለቃቀሙ ናቸው፤ ከቤት ለቤት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ ከቡና ላይ ወግ፣ እኩለ ሌሊት ከሚላክ የቴሌግራም መልእክት። የኦርቶዶክስ ልጆችም ወንጌላውያንም ጠይቀዋቸዋል። የሚመልሰው ሰባኪ ሳይሆን በየሰዉ ቤት ለሽምግልና ሲጠራ የከረመ ሰው ነው፤ መልሱም ከዚያው ወንበር የታየ ነው። ጥቅሶቹ ከ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ናቸው።

ጸጋና እውነት በሚዛን ግራና ቀኝ የሚቀመጡ ነገሮች ናቸው?

ብዙዎቻችን የምናስበው እንዲያ ነው። እውነቱ ሲጨምር ጸጋው የሚቀንስ፣ ጸጋው ሲበዛ እውነቱ የሚሳሳ ይመስለንና መሃል ላይ ለመቆም እንጥራለን። ዮሐንስ ግን ስለ ክርስቶስ ሲጽፍ "ጸጋንና እውነትንም ተመልቶ በእኛ አደረ" ነው ያለው (1፥14)። ሁለቱንም ሞልቶ እንጂ ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ይዞ አልመጣም።

ይህ ጥንድ ቃል ከዮሐንስ አልጀመረም። በወርቁ ጥጃ ማግስት፣ የመጀመሪያዎቹ ጽላት ከተሰበሩ በኋላ ሙሴ ሁለተኛዎቹን ይዞ ወደ ሲና ሲወጣ፣ እግዚአብሔር ስሙን ሲያውጅ "ባለ ብዙ ቸርነትና እውነት" አለ (ዘጸ 34፥6)። ጊዜውን ልብ በሉ። ሕዝቡ እጅ ከፍንጅ ተይዟል፤ የሚደበቅ ነገር የለም። እውነት የተባለው የዕብራይስጥ ቃል "ኤሜት" ከ"አሜን" ጋር አንድ ሥር አለው። እኛም አመነ፣ እምነት፣ ታማኝ የምንለው ከዚያው ከሴም ቤት ነው፤ ግዕዙም "በእውነት" ለማለት "በአማን" ይላል። እንግዲህ በዚህ ቋንቋ ቤት እውነት ማለት ሰው ተደግፎበት የማይከዳው ነገር ነው። "እውነቱን ነገርኩት" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከነገርከው በኋላ ሊደገፍብህ ይችላል?

"ሰው ማስቀየም አልወድም። ዝም ብል ምን አለበት? ትዕግሥት አይደለም ወይ?"

አንዳንዴ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ክፉ ነው አልልም፤ ይሉኝታ ከሌለው ሰው ጋር ጉርብትና ሞክሬዋለሁ፣ ለማንም አልመኘውም። ነገር ግን ይሉኝታ የሚጨነቀው "ስለ እኔ ምን ይላሉ?" ብሎ ነው፤ ጸጋ የሚጨነቀው "እሱ ምን ይሆን ይሆን?" ብሎ። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው የተቀመጡ ትሑታን ናቸው።

መለያው፣ ለባለቤቱ ያልነገርከውን ለማን ነገርከው የሚለው ነው። ስለ ጓደኛው መጠጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ለጓደኛው ትንፍሽ ያላለ ሰው አውቃለሁ። ለሚስቱ ግን ነግሯታል፤ ለሥራ ባልደረቦቹ ነግሯል፤ "እንድትጸልዩለት ነው" ብሎ ለጸሎት ቡድኑም አቅርቦታል። ሰፈሩ በሙሉ ሲያውቅ ያላወቀው ጠጪው ብቻ ነበር። የጸሎት ርእስ የምንለው ነገር አንዳንዴ ሐሜት የክት ልብሷን ለብሳ የምትወጣበት ነው። ይህን ስል የሚከፋው ይኖራል፤ እኔም ለብሼው ስለማውቅ ነው የምናገረው።

ሁላችንም በቃል የምናውቀው "ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ" የተጻፈው ዘሌዋውያን 19፥18 ላይ ነው። ከእሱ በፊት ያሉትን ሁለት ቁጥሮች የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ቁጥር 16 በሕዝብ መካከል ወሬ ይዞ መዞርን ይከለክላል። ቁጥር 17 "ወንድምህን በልብህ አትጥላው" ካለ በኋላ ወዲያው ገሥጸው ይላል። ከዚያ ነው ፍቅሩ የሚመጣው። ለሙሴ ሕግ ሐሜቱ፣ በሆድ መያዙና መገሠጹ ከፍቅር ትእዛዝ ጋር በአንድ እስትንፋስ የሚነገሩ ጉዳዮች ናቸው።

"እኔ ግልጽ ሰው ነኝ፣ በሆዴ የምይዘው የለኝም። ይህስ ጥፋት ነው?"

በሆድህ አለመያዝህ ጥሩ ነው። አንተ አራግፈህ ቀለለህ። የተራገፈበት ሰውስ?

ዮሐንስ 8 ላይ በምንዝር የተያዘችውን ሴት ጎትተው ያመጧት ሰዎች ግልጽ ሰዎች ነበሩ። ያሉት ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ሕጉንም በትክክል ጠቅሰዋል ማለት ይቻላል። "ማለት ይቻላል" ያልኩት ዘሌዋውያን 20፥10 አመንዝራውም አመንዝራይቱም ይሙቱ ስለሚል ነው። ሰውየው የታለ? ስትሠራ ተገኘች እያሉ አብሯት የተገኘውን አላመጡም። በድንጋይ የሚወራወር እውነት እንዲህ ግማሹን ቤት ትቶ የመምጣት ልማድ አለው።

የኢየሱስን ንግግር ቅደም ተከተል ተመልከቱት። "እኔም አልፈርድብሽም" አስቀደመ፤ "ደግመሽ ኃጢአት አትሥሪ" አስከተለ። ብንገለብጠው ኖሮ፣ ማለትም መጀመሪያ ተስተካከይ ከዚያ አልፈርድብሽም ቢባል፣ ሴቲቱ ውል ተዋዋለች እንጂ ምሕረት አላገኘችም። ሁለተኛው ቢቀር ደግሞ ወደ ነበረችበት ትመለሳለች፤ ለሚቀጥለው ቀን ለሚጠብቃት ሌላ ድንጋይ።

ኤፌሶን 4፥15ን "እውነትን በፍቅር መናገር" እያልን ስንጠቅሰው እንሰማለን። የ1954ቱ ግን "እውነትን በፍቅር እየያዝን" ነው የሚለው። ግሪኩ አንድ ግሥ ብቻ ነው፤ እውነትን መናገርንም መኖርንም ይዟል። ተርጓሚዎቹ "መያዝ" ማለታቸው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የያዘ ሰው አይወረውርም።

"መናገር እንዳለብኝ ገብቶኛል። ግን እንዴት? መቼስ?"

ለዚህ ከማንም ሕዝብ መማር ሳያስፈልገን ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን የወረስነው ትምህርት አለ፤ መርዶ።

ሰው ሲሞት የቅርብ ዘመዱ እንዴት እንደሚረዳ አስቡ። ወሬው ማታ ቢደርስም ለሊቱን ይተኛ ይባላል። ዘመድ ጎረቤት በስልክ ይጠራራል። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም እንዳለበት ይጠየቃል። ማን ይናገር የሚለው ይመከራል፤ የሚመረጠው ቃል የሚያምርለት ሳይሆን የሚከበርና የሚወደድ ሽማግሌ ነው። ሊነጋጋ ሲል ደጁ ይንኳኳል። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲያየው ግማሹን ቀድሞ ያውቀዋል። ቃሉ ሲነገር የሚደግፈው እጅ ከግራና ከቀኝ አለ። ከተነገረው በኋላ ደግሞ የሚሄድ የለም። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ሰው አብሮ ያድራል።

ውጭ አገር ያለውም ይህን አልተወም። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ለንደን ወዳጆቹ ቀድመው ይሰማሉ፤ መኪና እየነዳ እንዳይሰማ ከሥራ እስኪገባ ይጠብቁታል፤ በሰበብ አንዱ ቤት ይሰበስቡታል። ዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን ናት ብዙ ጊዜ ይህን የምታጣው፤ ወጥ ቤት ቆማ፣ ብቻዋን፣ በስልክ ትሰማለች። በእውነቱ ውስጥ የተጨመረ ወይም የተቀነሰ ነገር የለም፣ "እናትሽ ሞተዋል" ያው ነው። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ግን የደረሰባት ታውቀዋለች።

እንግዲህ ለወንድምህ ከባድ ነገር ልትነግረው ስትል እንደ መርዶ አስበው። ዛሬ ምን ላይ ነው ያለው፤ ሥራ ያጣበት ሳምንት ነው? መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ ወይስ ከእኔ ይልቅ የሚሰማው ሰው አለ? ብቻውን ነው? ደግሞም፣ ከሁሉ በላይ፣ ከነገርኩት በኋላ ፍራሽ አንጥፌ አድራለሁ ወይ? መጠጡን ተው ብለህ ነግረኸው፣ አርብ ማታ ላይ ብቻውን ከሚሆን ከአንተ ጋር እንዲያመሽ ካልጠራኸው፣ መርዶ ነግሮ ከደጅ የተመለሰ ሰው ሆነሃል።

መርዶ የራሱ በሽታም አለው፤ ማቆየት። "አሁን ከተነገራት ትጎዳለች፣ ፈተናዋን ትጨርስ፣ ሥራ ትያዝ" እየተባለ ወራት ይነጉዳሉ። አንዲት የማውቃት ልጅ አባቷ ከሞቱ በኋላ ለግማሽ ዓመት የመድኃኒት ብር ስትልክ ቆይታለች። ቤተሰቡ ሊጎዳት አስቦ አልነበረም። ስትሰማ ግን ያለቀሰችው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ለአባቷ፣ አንዴ ለዚያ ስድስት ወር። እስከ ዛሬ ቤተሰቧ በስልክ "ሁሉም ደህና ነው" ሲላት አታምንም። ርኅራኄ ብለን ያቆየነው እውነት ከላይ ያልኩትን ያንን "ኤሜት" ነው የሚበላው፤ መደገፊያውን።

"ያየሁትን ጥፋት ሁሉ የመናገር ግዴታ አለብኝ?"

የለብህም። ማቴዎስ 1፥19 ዮሴፍን ጻድቅ የሚለው ማርያምን ሊገልጣት ባለመውደዱ ነው። ይህ ሰው የያዘው መረጃ (በመሰለው መጠን) የማያጠራጥር ነበር፤ ሕጉም ከእሱ ጋር ነበር። መጽሐፉ ጽድቁን ያሳየን ግን ባልተናገረው ነገር ነው። በኋላ እንደምናውቀው መረጃውም ተሳስቶ ነበር። እኛም "በዓይኔ አይቻለሁ" ከምንለው ውስጥ ስንቱ እንዲህ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ነገር ግን ገመናን መሸፈንና ጥፋትን መደበቅ አንድ አይደሉም። ኖኅ ሰክሮ ዕራቁቱን በተኛ ጊዜ ሴምና ያፌት ልብስ በጫንቃቸው አድርገው የኋሊት ሄደው ሸፈኑት (ዘፍ 9፥23)። የተሸፈነው የወደቀው ሰው ኀፍረት ነው። በዚያ መሸፈን የተጎዳ ሦስተኛ ሰው የለም። ሌላ ሰው እየተጎዳበት ያለን ነገር "ፍቅር የኃጢአትን ብዛት ይሸፍናል" ብሎ መጋረድ ግን የጴጥሮስን ቃል ለማያውቀው ሥራ መቅጠር ነው። የማኅበር ገንዘብ የሚያጎድለውን ሰው ብትሸፍነው የምትሸፍነው ኀፍረቱን አይደለም፤ እጁን ነው።

በግል ልንገረው ወይስ ሽማግሌ ይዤ?

ማቴዎስ 18፥15 እንደሚለው መጀመሪያ "አንተና እርሱ ብቻችሁን"። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ሰው፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን። እኛ ቅደም ተከተሉን ገልብጠን በፌስቡክ እንጀምራለን። ንስሐ አባት ያለው ሰው ራሱ ሄዶ የሚናዘዝበትን በር ማሳየት ብዙ ጊዜ ከእኛ ንግግር ይሻላል፤ እዚያ የተባለው እዚያው ይቀራል፣ ቀኖናውም እንደየሰው አቅም ነው የሚሰጠው።

አንዳንድ ነገር ግን አደባባይ ላይ ተሠርቶ በጓዳ አይታረምም። ጴጥሮስ አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ ማዕድ በተለየ ጊዜ ጳውሎስ በሁሉ ፊት ተናገረው (ገላ 2፥11–14)፤ የተገፉት ሰዎች እዚያው ገበታው ላይ ነበሩና።

"ልጄ ከቤተ ክርስቲያን ርቆ እኔ በማልቀበለው ኑሮ ይኖራል። ብቀበለው ጥፋቱን ማጽደቅ፣ ባልቀበለው ልጄን ማጣት ይሆንብኛል።"

እናቴ፣ ይህ ከሁሉ የከበደኝ ጥያቄ ነው፤ አጭር መልስ የሚሰጥዎትን ሰው አይመኑት።

ሉቃስ 15ን፣ የጠፋውን ልጅ ታሪክ፣ ብዙ ጊዜ ሰምተውታል። እስቲ አንድ ጊዜ ማን ምን እንደተናገረ ብቻ ለይተው ያንብቡት። ታላቅየው ወንድም ሲናገር ታናሽየው ገንዘቡን "ከጋለሞቶች ጋር" እንደበላው ይናገራል። ይህን ዝርዝር ከእሱ በቀር ማንም አላነሳውም፤ ተራኪው "እያባከነ" ብሎ አልፎታል። አባትየውም እንዳልሆነ አልሆነም። "ይህ ልጄ ሞቶ ነበር" አለ። ሞት! ከዚህ የከበደ ቃል አለ? የተናገረበት ሰዓት ግን አቅፎ ከሳመው፣ ልብሱን አልብሱት፣ ቀለበቱንና ጫማውን አድርጉለት፣ ፍሪዳውን እረዱ ካለ በኋላ ነው። ልጁ ሞት መባሉን የሰማው ልብሱም ግብዣውም ከታዘዘለት በኋላ ነው።

ልጅዎ እርስዎ የሚያምኑትን ያውቀዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ነግረውታል፤ ገና ያልሰማው ስብከት የለም። በየስልኩ ጥሪ መጨረሻ ላይ አንድ ጥቅስ ሲጨመር "ሄሎ" የሚለው ከልቡ እየቀረ ይሄዳል። ሲጠይቅዎት በግልጽ ይመልሱለት፤ የማያምኑበትን "ግድ የለም" አይበሉት፣ ልጅ የእናቱን ውሸት ያውቀዋል። ሳይጠይቅዎት ደግሞ በላህ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ ያ ወገብህ ተሻለህ ይበሉት። የአባትየው ቤት ሩቅ ሳለ የሚታይ ቤት ነበር።

"ውጭ አገር ነው የምኖረው። ቤተሰቦቼ ብር ሲጠይቁኝ የለኝም ማለት አልቻልኩም፤ እዳ ገብቻለሁ።"

እውነት ማለት የሌላውን ጥፋት መናገር ብቻ የሚመስለን ለምን እንደሆነ አላውቅም። ስለ ራስህ እውነቱን መናገርም ሰውን መውደድ ነው። ሁለት ሥራ እየሠራህ፣ ሦስት ሆነህ አንድ ክፍል ተከራይተህ፣ ፎቶ የምትነሳው ግን የሰው መኪና ተደግፈህ ከሆነ፣ እናትህ የሚጠይቁት አንተን አይደለም፣ ፎቶውን ነው። ከፎቶው ጀርባ ያለውን ሰው አያውቁትም፤ ስለዚህም ሊያዝኑልህ፣ ሊጸልዩልህ ዕድሉን አላገኙም። ጨካኝ ናቸው ብለህ ከመቀየምህ በፊት የቤት ኪራይህን ደረሰኝ አሳያቸው። የተወሰነ ልክ ቁረጥ፣ እሱን ሳታጓድል ላክ፤ "እሞክራለሁ" እያልክ በየወሩ ከምትሸሻቸው ይሻላቸዋል።

"ይቅር በይው፣ ቻይው ይሉኛል። ባሌ ይመታኛል።"

ይቅርታ ሌላ ነው፣ ለዱላ መመለስ ሌላ ነው። መጀመሪያ ወደማትመቺበት ቦታ ሂጂ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን ማጥቃት ወንጀል መሆኑን ይደነግጋል፤ "የባልና ሚስት ጉዳይ ነው" የሚል ፖሊስ ካጋጠመሽ ቁጥሩን ንገሪው።

በሽምግልና የተቀመጥኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን በኀፍረት ነው የምጽፈው። ብዙ ጊዜ ጸጋውን ለእሱ፣ እውነቱን ለእሷ አከፋፍለን ወጥተናል። እሱን "ሰው ነው፣ ይሳሳታል" አልነው፤ እሷን "አንቺም እኮ አፍሽን" አልናት። ጸጋ የተገባው ለእሱ ከሆነም የመጀመሪያው ጸጋ የሚሠራውን በስሙ የሚጠራለት፣ ከቤት ወጥቶ እንዲቆይና የዘራውን እንዲያይ የሚያደርገው ሰው ማግኘት ነው። "ንስሐ ገብቻለሁ" ካለም፣ ንስሐው እሷ ቶሎ እንድትመለስ አይቸኩልም።

በፍቅር ተናግሬውም ቢቀየመኝስ?

ሊቀየምህ ይችላል። ማርቆስ 10፥21 ላይ ኢየሱስ ሀብታሙን ሰው "ተመልክቶ ወደደው" ይላል፤ ከዚያ ያለህን ሽጥ አለው፤ ሰውየው አዝኖ ሄደ። ኢየሱስ ተከትሎት ግማሹን ሽጥ አላለውም። ስድብም አልላከበትም። አንተም በሩን አትዝጋ፣ ቃልህን አትሸራርፍ፣ በዓል ሲመጣ እንኳን አደረሰህ በለው።

"እኔ ነኝ ክፉ የተናገርኩት። ያልኩት ልክ ነበር፤ ግን ሰውየውን ሰበርኩት።"

እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ወዳጄ ሥራው ላይ ሲያታልል አይቼ ረጅም መልእክት ጻፍኩለት፤ ጥቅስ አልጎደለውም። ልኬ ስልኬን ዘጋሁ። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ተኛሁ። ከዓመታት በኋላ ስንገናኝ መልእክቱን ያነበበው ልጁ ሆስፒታል በተኛችበት ሌሊት መሆኑን ነገረኝ። የጻፍኩት አንዱም ሐሰት አልነበረም። ይቅርታ ስጠይቀው "ያልኩት ልክ ቢሆንም" ብዬ ልጀምር ስል ምላሴን ያዝኩት። ምክሬ ይኸው ነው፤ "ቢሆንም" የሚለውን ቃል ትተህ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ። ልክ የነበረው ነገር ልክነቱን ለማስመስከር አንተን አይፈልግም፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

እኔ ስነገርስ? እንዴት ልቀበል?

ይህን የሚጠይቅ ብዙ አይደለም፤ ሁላችንም ተናጋሪው ወንበር ላይ ነን።

ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት ሲመጣ አንድ ድሃ ስላሳደጋት አንዲት ጠቦት ነገረው። ንጉሡ ተቆጥቶ ፈረደ፤ የፈረደው በራሱ ላይ መሆኑን ያወቀው "ያ ሰው አንተ ነህ" ሲባል ነው (2ሳሙ 12)። ሰምና ወርቅ ለሚወድ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ዳዊት ናታንን ሊያስገድለው ይችል ነበር፤ ሚስቱን ወስዶ ላስገደለው ለኦርዮ አላነሰውም። የመለሰው ግን "እግዚአብሔርን በድያለሁ" ብሎ ነው፤ ሰበብ አልደረደረም። ኦርቶዶክሳውያን በየዕለቱ የሚደግሙት መዝሙር 50 (በሌላው አቆጣጠር 51) የተነገረው ያኔ ነው፤ አርእስቱም ነቢዩ ናታን በመጣ ጊዜ ይላል። ገመናው ርእስ ሆኖ እስከ ዛሬ ይነበባል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለብዙ ዓመታት ሳላስተውለው ያነበብኩት። ዳዊት በኢየሩሳሌም የዚያችው የኦርዮ ሚስት ከነበረችው ሴት የወለዳቸው ልጆች ስም 1ዜና 3፥5 ላይ ተዘርዝሯል። ሰሎሞን አለበት። አንደኛው ደግሞ ናታን ይባላል። በነቢዩ ስም ተሰየመ ብሎ መጽሐፉ አይነግረንም። ግን አንድ አባት በዚያ ቤት ውስጥ፣ ከዚያች እናት የተወለደውን ልጅ በየቀኑ "ናታን! ና፣ እራት ቀርቧል" እያለ ሲጠራው አስቡት። ሉቃስም የኢየሱስን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር ወደ ዳዊት የሚደርሰው በሰሎሞን በኩል አይደለም፤ በዚህ በናታን በኩል ነው (3፥31)።